የአባት ዕዳ እና የስታሊን ልጅ

ሰሞኑን ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ ከመካከላችን አንዱ የልጅነት ሰፈሩን ታሪክ አጫወተን። ጎረቤታቸው የነበሩ አንድ ገንዘብ ያዥ የመሥሪያ ቤታቸውን ገንዘብ አጉድለው ይታሰራሉ። ልጃቸው የእሱ የክፍል ጓደኛ ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት መጣ፤ ማንም ምንም አላለውም። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ስም ሲጠሩ የልጁን ስም አስከትለው የአባቱን ስም አነሱ፤ ከኋላ ያለ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን ያየው የለም። እናቱ ቤቱን አከራይተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው ዘመድ ወዳለበት ከተማ ሄዱ ተባለ። «እኔም ስቄ ነበር» አለ ባልደረባችን፣ ስኒውን እያስቀመጠ።

እንግዲህ ክርክሩ የተነሳው ከዚህ ነው። ግማሾቻችን «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚለው ተረት እውነት ባይሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም ነበር አልን። ሌሎቻችን ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥን፤ የሕዝቅኤል 18ኛ ምዕራፍ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በግልጽ ይናገራልና። መቼም እኛ ሰዎች ለሁለቱም ወገን ጥቅስ አናጣም። «የእባብ ልጅ እባብ» የሚልም፣ የሰው ልጅ በሥራው ይመዘናል የሚልም በአንድ ቤት ይኖራል፤ እንዲያውም አንዳንዴ በአንድ አፍ ውስጥ።

በእኛ አገር ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ስማችን ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚመጣው አባታችን ራሱ ነው። መታወቂያ ላይ፣ የፈተና ወረቀት ላይ፣ ባንክ ቤት፣ የደመወዝ መክፈያ ላይ፣ የትም ብንሄድ አባታችን ከኋላችን ቆሟል። ደግ ከሆነ ያኮራል። ያ ልጅ ግን ከተማ ቢቀይርም አዲሱ ትምህርት ቤት ውስጥ መምህሩ ስም መጥራታቸው አይቀርም።

ይህን ስንጨቃጨቅ ነው አንዷ ባልደረባችን «የስታሊንን ልጅ ታውቋታላችሁ?» ያለችው። እነሆ ከዚያ ወዲህ ስናነብ ሰንብተን ይህን ጻፍን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስታሊን የሚል ስም ያላቸው ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ታውቃላችሁ። ወላጆቻቸው እንደ ጀግና ያዩትን ሰው ስም ሰጧቸው፤ ልጆቹ ምን አጠፉ? የሚገርመው ግን የሰውየው የገዛ ልጅ ያንን ስም በ31 ዓመቷ አውልቃ መጣሏ ነው።

ስቬትላና በ1926 ሞስኮ ውስጥ ተወለደች። እናቷ ናዴዝዳ አሊሉዬቫ በኖቬምበር 1932 ክሬምሊን ውስጥ በገዛ እጇ በሽጉጥ ራሷን ስታጠፋ ስቬትላና ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለሕፃኗ እናትሽ በትርፍ አንጀት ሞተች ተባለች። እውነቱን ያወቀችው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እንግሊዝኛዋን ለማሻሻል አንድ የውጭ መጽሔት ስታነብ ነው። ሌላው ዓለም ያወቀውን ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች።

አባትየው ግን ይወዳት ነበር። ይህን መዝለል አይቻልም፤ የታሪኩ ሸክም ያለው እዚህ ላይ ነውና። «ድንቢጤ» እያለ ነበር የሚጠራት። በቤታቸው ጨዋታ እሷ «እመቤት» ናት፤ እሱ ደግሞ የእሷ ጸሐፊ። ሕፃኗ «ዛሬ ወደ ቴአትር እንድትወስደኝ አዝዣለሁ» ብላ በወረቀት ትጽፋለች፤ ያ አገር ሙሉ የሚንቀጠቀጥለት ሰው ትእዛዙን ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርማል። ይህን ባነበብን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ምነው ይህን ባላነበብኩት» አለ። ጭራቅ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር።

አሁን አንድ ነገር እናስታውስ። በዲሴምበር 1935 ሞስኮ ውስጥ የእርሻ ሠራተኞች ስብሰባ ነበር። አንድ ወጣት ገበሬ ይነሳና እኔ የኩላክ ልጅ ብሆንም (ኩላክ ማለት በዚያ ዘመን አነጋገር ሀብታም ገበሬ፣ የመደብ ጠላት ማለት ነው) ለሶሻሊዝም በታማኝነት እሠራለሁ ይላል። ስታሊንም ጣልቃ ገብቶ ልጅ በአባቱ አይጠየቅም ይላል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ጋዜጦች አስተጋቡት። በየመዝገቡ «የእገሌ ልጅ» ተብለው ከትምህርትና ከሥራ የተገፉ ሰዎች ስንት ተስፋ እንዳደረጉ መገመት አያዳግትም።

ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በኦገስት 1937 የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ቁጥር 00486 የተባለውን ትእዛዝ አወጣ። «የሕዝብ ጠላት» የተባሉ ሰዎች ሚስቶች ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ካምፕ ይግቡ፤ ሕፃናቱ ወደ ማሳደጊያ ይወሰዱ፤ ከ15 ዓመት በላይ ሆነው «አደገኛ» የተባሉት እንደ አዋቂ ይፈረድባቸው። ካዛክስታን ውስጥ ለእነዚህ ሚስቶች ብቻ የተሠራ ካምፕ ነበር። በኦገስት 1941 ደግሞ፣ ጀርመኖች ሲገፉ፣ ለጠላት እጃቸውን የሚሰጡ መኮንኖች ቤተሰቦቻቸው እንዲታሰሩ የሚያዝ ሌላ ትእዛዝ ወጣ፤ ቁጥሩ 270 ነው። የስታሊን የበኩር ልጅ ሌተና ያኮቭ በጁላይ ተማርኮ ስለነበር የስታሊን ምራት ታሰረች! አባትየው የገዛ ቤቱን አልማረም። ያኮቭ በ1943 ዛክሰንሃውዘን በተባለው የጀርመኖች ካምፕ ውስጥ ሞተ።

ስቬትላና ይህን ሁሉ እያየች አደገች፤ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ነው የገባት። አጎቷ ሬደንስ ተገደለ። የመጀመሪያዋ የስታሊን ሚስት ወንድም ስቫኒድዜና ሚስቱ ተረሸኑ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለት አክስቶቿ፣ በእናት ምትክ ያቀፏት ሴቶች፣ ታስረው እስከ 1954 እስር ቤት ቆዩ። በ1943፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች፣ የፊልም ደራሲው አሌክሲ ካፕለር ወደዳት፤ ወደደችውም። ሰውየው በዕድሜ እጥፏ ነው፣ አይሁዳዊም ነው። አባቷ በጥፊ መታት፤ ካፕለር ደግሞ በስለላ ተከሶ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ወደ ቮርኩታ ተላከ። አምስት ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ ሌላ አምስት ጨመሩለት። ነጻ የወጣው ስታሊን ከሞተ በኋላ በ1953 ነው።

እንግዲህ ይህች ሴት የማን ወገን ናት? የገዳዩ ልጅ ናት። የተገደሉት ደግሞ ዘመዶቿ ናቸው። ሐዘን ልትቀመጥ ብትፈልግ ለቅሶው ሁለቱም ቤት ነው፤ ሁለቱም ቤት ግን በሙሉ ልብ አያስገባትም።

ስታሊን በማርች 5 ቀን 1953 ሲሞት አልጋው አጠገብ ነበረች፤ 27 ዓመቷ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ ወንድሟ ቫሲሊ፣ በአባቱ ዘመን በወጣትነቱ የአየር ኃይል ጄኔራል የሆነው ሰካራሙ ቫሲሊ፣ ታሰረ። ስምንት ዓመት ተፈረደበት። እስር ቤት ውስጥ ያኖሩት ደግሞ «ቫሲሊየቭ» በሚል በተሰጠው ስም ነው፤ የስታሊን ልጅ እዚህ አለ እንዳይባል። ከእስር ወጥቶ ወደ ካዛን ሲላክም ስታሊን የሚለውን ስም ከለከሉት፤ የአባቱን የጥንት የጆርጂያ ስም፣ ጁጋሽቪሊን፣ ሰጡት። እዚያው በ1962 በ40 ዓመቱ ሞተ። ቫሲሊ አዲስ ሕይወት የመጀመር ሐሳብም አልነበረው። ለእሱ ከአባቱ ስም ውጪ የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ስሙን ሲወስዱበት የቀረው አልኮል ብቻ ነበር። አንፈርድበትም፤ ግን አንድ መንገድ ይህ ነው።

እህቱ ሌላ መንገድ ሞከረች። በፌብሩዋሪ 1956 ክሩሽቼቭ የስታሊንን ወንጀሎች የሚዘረዝረውን ያንን ዝነኛ ንግግር አደረገ። የአባቷ የቅርብ ሰው የነበረው ሚኮያን ስቬትላናን ቤቱ አስጠርቶ ጽሑፉን አስቀድሞ አስነበባት። አልካደችም። ያነበበችው ሁሉ በቤታቸው ውስጥ ካየችው ጋር ይገጥማል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1957፣ መዝገብ ቤት ሄዳ ስታሊና የሚለውን ትታ የእናቷን ስም ያዘች፤ ስቬትላና አሊሉዬቫ። ስታሊን የሚለው ስም ከብረት የወጣ ነው፤ ያ የብረት ድምፅ ጆሮዋን እንደሚቆርጠው ኋላ ጽፋለች።

ግን ልብ በሉ፤ ሩሲያውያንም እንደ እኛው የአባት ስም አላቸው። ስቬትላና ኢዮሲፎቭና፤ የዮሴፍ ልጅ። ይህኛውን መዝገብ ቤቱ አይነካውም። የቤተሰብ ስሟን ብትቀይርም መሥሪያ ቤት ስትገባ፣ በአክብሮት በተጠራች ቁጥር፣ አባትየው ይከተላል። ይህችን ነጥብ ስናነብ ያ የክፍል ልጅ ትዝ አለን።

በ1962 ሞስኮ ውስጥ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀች። በ1963 በጋ በ35 ቀናት ውስጥ ለአንድ ወዳጅ በተጻፉ ደብዳቤዎች መልክ የቤተሰቡን ታሪክ ጻፈች። ለመሳቢያ የተጻፈ መጽሐፍ ነበር፤ የማሳተም ሐሳብ አልነበራትም። በዚያው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ብራጄሽ ሲንግ የተባለ ሕመምተኛ ሕንዳዊ ኮሚኒስት ተዋወቀች። ሊጋቡ ፈለጉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሲጊን ከለከለ። የስታሊን ልጅ የውጭ ሰው አታገባም። ስሙን ጥላው ነበር፤ መንግሥት ግን አልጣለውም። ሲንግ በኦክቶበር 1966 ሞተ፤ አመዱን ጋንጀስ ወንዝ ላይ እንድትበትን ብቻ ወደ ሕንድ እንድትሄድ ፈቀዱላት።

ማርች 6 ቀን 1967 ምሽት፣ ወደ ሞስኮ የሚመልሳት አውሮፕላን ሊነሳ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ኒው ዴልሂ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ገባች። የስታሊን ልጅ ነኝ ስትል መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። የመጽሐፏ ረቂቅ ከእሷ ቀድሞ በአንድ የሕንድ ዲፕሎማት እጅ ከሶቭየት ኅብረት ወጥቶ ነበር። በሮምና በስዊዘርላንድ በኩል አድርጋ በኤፕሪል ኒው ዮርክ ደረሰች።

ሁለት ልጆቿን ግን ሞስኮ ትታለች። ወንዱ ልጅ ኢዮሲፍ 21 ዓመቱ ነው፤ ካትያ 16 ዓመቷ። እናታቸውን ሊቀበሉ እየጠበቁ ነበር።

እዚህ ላይ ክርክራችን ጦፈ፤ ቡናውም ቀዘቀዘ። «ሌላ ምን ታድርግ?» ያልን ነበርን። «ልጆቿን ጥላ የምን አዲስ ሕይወት?» ያልንም ነበርን። ነገሩን ስናየው ከሞስኮ የሸሸችው የአባቷን ዕዳ ላለመክፈል ነው፤ ሂሳቡ ግን ወደ ልጆቿ ዞረ። አሁን ደግሞ እነሱ ናቸው የከዳተኛዋ ልጆች። ትናንት በአያታቸው ስም፣ ዛሬ በእናታቸው ስም።

አሜሪካ ውስጥ የሰጠችው የመጀመሪያ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ስለ አባቷ ተጠየቀች። ብዙውን ነገር እንደምትቃወም ተናገረች፤ ግን በእሱ ላይ ብቻ የተላከከው ወንጀል አሁንም በፖሊት ቢሮ ውስጥ ያሉ ሰዎች የሚጠየቁበት ነው አለች። ይህ ለአባት መከላከል ነው ወይስ እውነት መናገር? እኛ ሁለቱም ነው እንላለን። በመጀመሪያው መጽሐፏ ብዙውን ጥፋት በቤርያ ላይ ትጥላለች፤ አባቷ የተታለለ፣ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ሆኖ ይታያል። በ1969 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፏ ግን አባቷ ራሱ ተጠያቂ መሆኑን በጠነከረ ቃል ጻፈች። ሁለት ዓመት አሜሪካ ኖራ፣ ከሞስኮ የራቀች፣ ሌሎች የጻፉትን ያነበበች ሴት ናት። ሁለተኛው መጽሐፍ እንደ መጀመሪያው አልተወደደም። ለእኛ ግን ከሁለቱ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። የሚወድህን ሰው ጥፋት ያለ «ግን» መጻፍ ቀላል አይደለም፤ ሞክሩት።

በሞስኮ በኩል መልሱ ፈጣን ነበር። ኮሲጊን በዚያው በ1967 ኒው ዮርክ መጥቶ በጋዜጠኞች ፊት ሥነ ምግባር የጎደላት፣ የታመመች ሴት ናት አለ። በ1969 መጨረሻ ዜግነቷን ገፈፏት። በአንድ ወገን የጨፍጫፊ ልጅ ተብላ ትሰደባለች፤ በሌላ ወገን አባቷን የሸጠች ትባላለች። እኛ አገርም ቢሆን ይህ ሁለተኛው ስድብ ከመጀመሪያው አይቀልም። የአባቱን ገመና አደባባይ ያወጣ ልጅ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ከመጻሕፍቱ ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር አገኘች። ከዚያ ላይ ቆርሳ በሲንግ የትውልድ መንደር ካላካንካር ሆስፒታል አሠራች። የተረፈውን የበላው ደግሞ አዲስ ሕይወት ፍለጋው ነው። በ1970 የዝነኛው አርክቴክት የፍራንክ ሎይድ ራይት መበለት ኦልጊቫና ወደ አሪዞና ጋበዘቻት። ይህች ሴት ስቬትላና የምትባል ልጅ ነበረቻት፤ በ1946 በመኪና አደጋ ሞታለች። ስሟን የምትጋራ ሌላ ስቬትላና ስትመጣ የልጄ ምትክ ብላ ተቀበለቻት፤ ከሟቿ ባል ከአርክቴክት ዌስሊ ፒተርስ ጋርም አገናኘቻት። በተዋወቁ በሦስተኛው ሳምንት ተጋቡ! የባሏን ዕዳ ከፈለች። ማኅበርተኛው በጋራ የሚኖርበት፣ አንዲት አዛዥ ሁሉን የምትወስንበት ያ ቅጥር ግን የአባቷን ቤት አስታወሳት፤ ኦልጋ የተባለችውን ልጇን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ወጣች። ከጋብቻው የተረፋት ልጇና አዲስ ስም ነው፦ ላና ፒተርስ። አሜሪካ ውስጥ የአባት ስም አይጠየቅም። በመጨረሻ አባቷ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ። በ1978 ዜግነት አገኘች።

ተመልከቱ እንግዲህ፤ አገር ቀይራለች፣ ስም ሁለት ጊዜ ቀይራለች፣ ቋንቋ ቀይራለች፣ ሃይማኖት ይዛለች። መጽሐፍ ጽፋ በአደባባይ ተናግራለች። አዲስ ሕይወት ለመጀመር የሚመከረውን ሁሉ አድርጋለች። የቀራት ልጆቿ ብቻ ናቸው። በ1984 የ13 ዓመቷን ኦልጋን ይዛ ወደ ሞስኮ ተመለሰች።

ምዕራባውያን ዘንድ አንድ ቀን እንኳ ነጻ ሆና እንደማታውቅ በመግለጫ ተናገረች ተባለ፤ ጋዜጦች በደስታ አወጡት። ኢዮሲፍ የልብ ሐኪም ሆኗል፤ ተገናኙ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ እራት አይሞላም። ካትያ ደግሞ በአገሪቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ካምቻትካ፣ እሳተ ገሞራ የምታጠና ሳይንቲስት ነች። ልታያት አልመጣችም። ይቅርም አላለቻትም። እናትና ኦልጋ ወደ ትብሊሲ፣ ወደ አባቷ አገር ጆርጂያ ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ስታሊንን የሚያመልክ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ እጇን ሊጨብጥ የሚመጣው ለእሱ ሲል ነው። በ1986 እንደገና ፈቃድ ጠይቃ ወጣች።

ከመካከላችን አንዱ ሙሉውን ታሪክ ካነበበ በኋላ «ይህ ሁሉ መንከራተት ምን ጠቀማት?» አለ። እኛ ግን የጠቀማት ነገር አለ ባዮች ነን። ያ ሁሉ ግድያ ሆኗል ብላ በራሷ ስም ጽፋለች። ብዙ የባለሥልጣን ልጆች በዚያ አገርም በሌላም አገር ሲሞቱ ያላደረጉት ነው። ገንዘቧን ለሆስፒታል ሰጥታለች። ኦልጋን ግን አልተወቻትም፤ ትምህርት ቤት ፍለጋ እንግሊዝ አገር ድረስ ወስዳ፣ ገንዘቧ አልቆም ቢሆን፣ አሳድጋታለች። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ያጣች እናት በሦስተኛዋ ላይ ያደረገችው ይህን ነው። ይበቃል ወይ ለሚለው፣ የሚመልሱት ካትያና ኢዮሲፍ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።

በእርጅናዋ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ሪችላንድ ሴንተር በምትባል ትንሽ ከተማ ኖረች። ልብስ ትሰፋለች፣ ታነባለች፣ ጋዜጠኛ አትወድም። አንዴ ግን ላነጋገራት ጋዜጠኛ የትም ብትሄድ የአባቷ ስም እስረኛ ሆና እንደምትቀር ነገረችው። ኢዮሲፍ በ2008 ሞተ። እሷ በኖቬምበር 22 ቀን 2011፣ በ85 ዓመቷ፣ በካንሰር አረፈች። ዜናው ሲወጣ የጋዜጦቹ ርዕስ በላና ፒተርስ ብቻ አላበቃም። የስታሊን ልጅ ሞተች ነው ያለው።

ይህን ጽፈን ስንጨርስ ባልደረባችን ያንን የክፍል ጓደኛውን ሊፈልገው እንደሚያስብ ነገረን። ስሙን ያስታውሳል። ችግሩ የሚያስታውሰው ከነአባቱ መሆኑ ነው።